ማይነስ 2 መነጽር ይዤ ፓይለት መሆን እችላለሁ?

የአምስት ኪሎው፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

5 ኪሎ መካኒካል ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ነኝ። ፓይለት መሆን የምፈልገው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ግን አፌን ሞልቼ ተናግሬው አላውቅም። እኛ ሰፈር «ፓይለት እሆናለሁ» የሚባለው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዛ በኋላ ያሳፍራል። ባለፈው አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ አመለጠኝና ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ይኸው ከዛች ቀን ጀምሮ ሂሳብ የምከፍለው እኔ ሆኛለሁ፤ «ካፒቴኑ ይክፈል» ነው ጨዋታው።

አጎቴ ሰምቶ «አራት ዓይና ሆነህ ምኑን ልታበረው ነው» አለኝ። ማይነስ 2 መነጽር አደርጋለሁ። (አራት ዓይና ድሮ የሊቅ ማዕረግ ነበር፣ እኔ ጋ ሲደርስ ስድብ ሆነ።) አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ «ሰው ከሌለህ አትልፋ» ይላል። ሌላው፣ አውሮፕላኑ ራሱ ነው የሚበረው፣ ፓይለቱ ቡና ጠጥቶ ነው የሚመለሰው ይላል። እናቴ ምንም አላለችም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋለች።

ሥራው ላይ ያላችሁ ወይም የሞከራችሁ ንገሩኝ። መነጽር ይከለክላል? ሂሳብ ምን ያህል ነው የሚፈለገው? ካፒቴን ለመሆንስ ስንት ዓመት ይፈጃል? እውነቱን ንገሩኝ፣ ማጽናኛ አልፈልግም።


ቀኝ ወንበር፦

አጎትህን ተወው። መነጽር ብቻውን አይከለክልም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ የምንለው፣ ለአንደኛ ክፍል ሜዲካል (የአየር መንገድ ፓይለት የጤና ምርመራ ማለት ነው) የሚጠይቀው እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አብረው ደግሞ 6/6 (የጤነኛ ዓይን ያህል) እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። በመነጽር ከሆነ ትርፍ መነጽር ይዘህ ትበራለህ። የኔ ትርፍ ቦርሳዬ የውጭ ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ከፓስፖርቴ ጋር። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ቀጣሪው ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ማውጣት ይችላል። ማስታወቂያው ሲወጣ ራስህ አንብበው፣ «እንትና ነገረኝ» የሚባለውን አትያዝ።

ሂሳብ። ካልኩለስ ኮክፒት ውስጥ አይቼ አላውቅም። የሚፈለገው ደክሞህም፣ ሬዲዮ እየጮኸብህም በጭንቅላትህ ቶሎ ማባዛት ነው። ለምሳሌ 37,000 ጫማ ላይ ሆነህ ወደ ቦሌ ትመጣለህ። ቦሌ መሬቱ ራሱ 7,600 ጫማ ላይ ነው። መውረድ ያለብህ 29,400 ገደማ ነው ማለት ነው። ሺውን፣ ማለትም 29.4ን፣ በ3 አባዛው፣ 88 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 88 ናቲካል ማይል (የበረራ ርቀት መለኪያችን) ሲቀርህ መውረድ ትጀምራለህ፣ ነፋስ ከኋላ ካለ ትንሽ ቀደም ብለህ። ኮምፒውተሩም ያሰላዋል፣ አዎ። ግን ኮምፒውተሩ ሲሳሳት ቁጥሩ ቅር እንዲልህ አንተም በጭንቅላትህ ማስላት አለብህ።

የቡና ነገር፤ እውነት ነው፣ ቡና እንጠጣለን። ኦቶፓይለት፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። የተሳሳተ ቁጥር ብትሰጠው ወደ ተሳሳተው ቦታ ዝንፍ ሳይል ይወስድሃል። ለዚህ ነው አንዳችን ያስገባነውን ቁጥር ሌላችን ጮክ ብሎ የሚያነበው፣ ሃያ ዓመት የበረረም ቢሆን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማብረር ያስተምሩሃል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔን ካስተማሩኝ አንተንም ያስተምሩሃል። ከባዱ ነገር ዕድሜ ልክህን ተፈታኝ ሆነህ መኖር ነው። አንተ ስትመረቅ ፈተና ያበቃል። እኔ በየ6 ወሩ ሲሙሌተር፣ ማለትም አውሮፕላን አስመስሎ የሚሠራ መፈተኛ ውስጥ፣ እገባለሁ። በየዓመቱ ሜዲካል አለ፣ ከ60 ዓመት በላይ ሲሆን በየ6 ወሩ ይሆናል፣ 65 ሲሞላ ዓለም አቀፍ የመንገደኛ በረራ ላይ ያበቃል። በአቪዬሽን የእንግሊዝኛ መለኪያ ደረጃ 4 ከሆንክ እሱንም በየጊዜው ትፈተናለህ። 90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስተህ ሦስት ጊዜ ካላረፍክ መንገደኛ ይዘህ መውጣት አትችልም። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ቤት ትቀመጣለህ፣ በቃ።

ሲሙሌተሩን ልንገርህ። እየተንደረደርን ነው። የሚያበረው ረዳቱ ቢሆንም ጋዙ ላይ ያለው የካፒቴኑ እጅ ነው። «ቪ ዋን» የሚል ጥሪ ሲሰማ ካፒቴኑ እጁን ከጋዙ ላይ ያነሳል። ከዛች ሰከንድ በኋላ ማቆም የለም፣ ምንም ይምጣ ትነሳለህ። ፈታኙ ሞተር የሚገድልብህ እዛች ላይ ነው። አፍንጫው ወደ ሞተው ሞተር ይጎተታል፣ እግርህ ቀድሞ ካልያዘው ከመስመሩ ትወጣለህ። ከዛ ደግሞ ከባዱ ይመጣል፤ ምንም አለመንካት። በቂ ከፍታ እስክንይዝ ማንም ምንም ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። ቀይ መብራት እየበራ፣ ደወል እየጮኸ፣ እጅህ ይቁነጠነጣል። መጀመሪያ ጊዜ እጄን ሰደድኩ። ካፒቴኑ ምንም አላለኝም፣ መዳፉን እጄ ላይ አስቀመጠው። ሲሙሌተሩ ቆመ፣ እንደገና ከመነሻው ጀመርን።

«ሰው ያስፈልጋል» ለሚለው ጓደኛህ፤ የኔ አባት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሲሙሌተር ውስጥ አጎት አብሮ አይገባም።

ሌላም አለ፣ ማንም የማይነግርህ። ራስህን መክሰስ መልመድ አለብህ። ጉንፋን ይዞህ መብረር አይቻልም፣ አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮህ ያብዳል፣ ፋርማሲ የሚሸጡት የጉንፋን ክኒን ደግሞ እንቅልፍ ይጥላል። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ «ይሄን ጠጣና ሂድ» ትላለች። እኔ ስልክ አነሳና አልመጣም እላለሁ። ለጤነኛ ሰው ቀላል ይመስላል። በዓል ሰሞን፣ ሰው ባነሰበት፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ግን ቀላል አይደለም።


21 ያየሁት፦

እኔ የምጽፈው ያልተሳካለት ሰው ሆኜ ነው፣ እሱም ይጠቅማል።

የአየር መንገዱን የጽሑፍ ፈተና አለፍኩ። ኢንተርቪው አለፍኩ። እንግሊዝኛ አለፍኩ። ሰፈር ውስጥ እናቴ ለጎረቤት ቡና አፍልታ ነበር፣ በቃ አለቀ ተብሎ። ሜዲካል ላይ አንዲት ዶክተር መጽሐፍ ከፈተችልኝ፣ በነጠብጣብ የተሞላ ክብ ክብ ሥዕል። አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቡናማ። «ቁጥሩን ንገረኝ» አለች። «21» አልኳት፣ በሙሉ ልብ። ቀና ብላ አየችኝ። «እንደገና እየው» አለች። 21 ነው፣ ምኑን ልየው? 74 ነበር። ኢሺሃራ ይባላል ፈተናው፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው እዛ ገጽ ላይ 74 የሚለውን 21 አድርጎ ነው የሚያየው። 23 ዓመት ሙሉ ቲማቲም ስገዛ፣ የትራፊክ መብራት ላይ ሳቋርጥ፣ ባንዲራ ስሰቅል ኖሬ አንድም ቀን አላወቅኩም።

ይሄ በመነጽር አይስተካከልም። ከወንድ 100 ውስጥ 8 ገደማው እንደኔ ነው፣ ሴት ላይ ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ማይነስ 2ህን ትተህ መጀመሪያ ይሄን ታይ። ዲግሪህን ሳትጨርስ፣ ሥራ ሳትለቅ፣ ለሰፈር ሳታወራ። እኔ ያጠፋሁት አንድ ዓመት ነው፣ ያውም አስቀድሞ ማንም አልነገረኝም።

አሁን ዲስፓቸር ነኝ። የበረራውን መንገድ፣ ነዳጁን፣ ክብደቱን፣ አየሩን አስቀድሞ የሚሠራው ሰው ማለት ነው። አልጠላሁትም። ደግሞ ቦሌ ላይ ይሄ ሥራ ቀልድ አይደለም። ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ግድም ላይ ነን፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሳሳ፣ ክንፉም የሚደገፍበት ሳሳ። መሣሪያው 140 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲያሳይህ አውሮፕላኑ መሬቱ ላይ የሚሮጠው ከ155 በላይ ነው። ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ የኖረው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ነዳጁን ሙሉ ጭኖ ከዚህ መነሳት ስለሚከብደው።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄህ ጋር ባይገናኝም። ድሪምላይነር፣ ቦይንግ 787 ማለት ነው፣ በሙሉ ከፍታ ሲበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት 6,000 ጫማ ላይ ያለ ሰው እንደሚሰማው ነው። ቦሌ 7,600 ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትነሳ አውሮፕላኑ ይወጣል፣ ሳንባህ ግን ወደ ታች ይወርዳል። አዋሽ አካባቢ እንደመሄድ በለው፣ ያን ያህል እንኳ ባይሆን።


ኪሳራ በኪሳራ፦

ከላይ ያሉት ሁለቱ የተናገሩት ልክ ነው፣ ግን ሁለቱም ሌላ ሰው ከፍሎላቸው ነው የገቡት። እኔ በገንዘቤ የሄድኩ ነኝ።

የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ምርጫ ላይ ስወድቅ ትዕግሥት አልነበረኝም። አባቴ መሬት ሸጠ። አንድ ጎረቤት አገር ያለ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። በ14 ወር ትጨርሳለህ አሉኝ። ትምህርት ቤቱ የነበሩት አውሮፕላኖች አራት ሲሆኑ ሁለቱ ሁልጊዜ ጋራዥ ናቸው። አንድ ወር ሙሉ 3 ሰዓት ብቻ የበረርኩበት ጊዜ አለ። ኪራይና ቀለብ ግን አይቆምም። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። 200 የበረራ ሰዓትና የንግድ በረራ ፈቃድ ይዤ መጣሁ፣ እቤት ድግስ ተደገሰ።

ከዛስ? 200 ሰዓት ይዞ ሥራ የሚቀጥርህ ጥቂት ነው። የውጭ ፈቃድህን እዚህ ሲቪል አቪዬሽን ወስደህ ማስለወጥ አለብህ፣ ፈተናም አለው። እስከዛ ሰዓትህ ይዝጋል፣ ብቃትህ ጊዜው ያልፍበታል፣ ማደስ ደግሞ ሌላ ብር ነው። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ሎግቡኬ፣ የበረራ ሰዓቴ የተመዘገበበት ደብተር፣ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከቻርጀር ጋር።

የራስህን ብር ከማውጣትህ በፊት ስለ ትምህርት ቤቱ ሦስት ነገር ጠይቅ። ባለፈው ዓመት ከገቡት ስንቱ በተባለው ጊዜ ጨረሰ። የሚበሩ አውሮፕላኖች ስንት ናቸው፣ ያሏቸው ሳይሆን የሚበሩት። ያቋረጠ ሰው ብሩ ይመለስለታል ወይ። ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱትን ተማሪዎች ጠይቅ።

አየር መንገድ ከፍሎ ሲያስተምርህም ነፃ አይደለም። የአገልግሎት ግዴታ ትፈርማለህ፣ ዋስም ይፈረምልሃል። ውሉን አንብብ፣ ዋስህም ያንብብ። አጎትህ ዋስ ይሆን እንደሆነ እንጃ።


የካፒቴን ቤት፦

ልጄ፣ እኔ ፓይለት አይደለሁም፣ የፓይለት ሚስት ነኝ። 19 ዓመት ሆነኝ። ስለ ሂሳቡ ምንም አላውቅም፣ ስለ እናትህ ግን አውቃለሁ።

እናትህ ያኮረፈችው ስለማትኮራብህ አይምሰልህ። የኔ እኩያ ከሆነች ኅዳር 1989ን ታስታውሳለች፣ ያ የተጠለፈው አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ያሳረፈውን። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። እኛ የዛን ሰሞን ቴሌቪዥን ፊት ተተክለን ነበር። እናት ‹ፓይለት› ስትሰማ መጀመሪያ የሚመጣባት እሱ ነው። ቁጭ ብለህ አጫውታት እንጂ ዝም ብለህ አትለፋት።

ሌላው፣ ስታገባ ለሚስትህ አስቀድመህ ንገራት። እኛ ቤት የፋሲካ ዶሮ ሲሠራ የሱ እንቁላል ተለይቶ ይቀመጣል። አንዳንዴ ማክሰኞ ይበላዋል። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ገና የሚሆነው አባዬ የመጣ ቀን ነው ብለው ያስቡ ነበር። እሱ ቀን ተኝቶ እኛ በሹክሹክታ ነው የምናወራው፣ ሠራተኛዋ እንኳ ሽንኩርት ስትከትፍ ታውቅበታለች። አላማረርኩም። ደመወዙም ክብሩም አለ። ግን ሥራውን የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።


የአምስት ኪሎው፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ አጫውታታለሁ። ይሄን እኔም አላሰብኩትም።

ቀኝ ወንበር፣ አንድ ነገር አልመለስክልኝም፤ ካፒቴን ለመሆን ስንት ዓመት? እና ኢንጂነሪንጉን ልጨርስ ወይስ አሁኑኑ ልሞክር?


ቀኝ ወንበር፦

ጨርስ። አንደኛ፣ የዓይን ነገር እንደ 21 ያየሁት ድንገት ቢመጣ መውደቂያ ይኖርሃል። ሁለተኛ፣ ዲግሪ ማንንም አዘግይቶ አያውቅም። አገራችን ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ አርክቴክቸር ተምራ ነው የገባችው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፒቴንነት ምልክት የሆነውን አራተኛውን መስመር ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ዓመቱን ቆርጬ ልነግርህ አልችልም፣ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ለከፍተኛው ፈቃድ ቢያንስ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። በወር 70 ብትበር ሁለት ዓመት አይሞላም ትላለህ። ግን ሰዓቱ መሙላቱ ለብቻው ነው፣ የግራው፣ የካፒቴኑ ወንበር ባዶ መሆኑ ለብቻው ነው፣ አሠልጣኞቹ «ለዚህ ልጅ መንገደኛ እንስጠው» ማለታቸው ደግሞ ለብቻው። ሦስተኛው ቀጠሮ የለውም። አብረውኝ ከጀመሩት ከኔ በፊት የሄዱ አሉ፣ አልዋሽህም፣ ያቃጥላል።

አንድ ምክር ከአሁኑ ልስጥህ፣ ነፃ ነው። ሰዓት ልመድ። ዛሬ ለሥራ የተነሳሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የእናቴ ግድግዳ ሰዓት 8 ይላል። ስልኬ 2፡00 ይላል። የበረራው ወረቀት ደግሞ 23፡00 ይላል፣ ያውም በትናንትናው ቀን፣ ምክንያቱም እኛ የምንሠራው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። በዛ ሰዓት፣ ፊትህን ሳትታጠብ፣ ሦስቱን በጭንቅላትህ ማስታረቅ ከቻልክ ጥሩ ጅምር ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ አንድ ቀን በአበሻ ሰዓት አስልቶ ሊቀር ለትንሽ ነው የዳነው። እስከዛሬ ስሙ «ስድስት ሰዓት» ነው።


የአምስት ኪሎው፦

እሺ፣ ሪፖርት። ዛሬ ከክፍል ወጥቼ በእግሬ ፒያሳ ወረድኩ። አንድ መነጽር ቤት ገብቼ የቀለም ፈተና አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሰውየው አቧራ የጠጣ መጽሐፍ ከመሳቢያ አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገና ከፈተልኝ። 12 አየሁ! ወዲያው ነው ያየሁት፣ ጥርት ብሎ። «ልክ ነህ» አለኝ፣ መጽሐፉን ዘጋ፣ መነጽር ልትለውጥ ነው ወይ አለኝ። ደስ ብሎኝ አራት ኪሎ ድረስ በታክሲ ሄድኩ፣ ማኪያቶም ጋበዝኩ። በፈቃዴ በዚህኛው።


21 ያየሁት፦

12ን ሁሉም ሰው ያየዋል ወንድሜ። የመጀመሪያው ገጽ መለማመጃ ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። ነገ ተመለስና ቀጣዩን ገጽ ክፈትልኝ በለው።